የኋላ ወንበር የሌላት መኪና

«ሰማንያ አንድ ሺህ ዶላር ከፍሎ የኋላ ወንበር የሌላት መኪና ገዛ!» አለች ትርሲት፣ እትዬ ሰርካዲስ ሱቅ መሀል ቆማ፣ የሽሮ ፓኬት በእጇ እንደያዘች። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ፌርፋክስ ላይ ባለ ሱቅ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ጮክ ተብሎ ከተነገረ ምስጢር ሆኖ አይቀርም። እንጀራ ሊገዛ የተሰለፈው ሁሉ ዞረ፣ እኔም ዞርኩ። ሃያ ስምንት ዓመት በዚህ ከተማ ታክሲ ነድቻለሁና መኪና ሲነሳ ጆሮዬ ይቆማል፤ ጡረታ ወጣሁ እንጂ አልደነቆርኩም። መጀመሪያ የመሰለኝ ባሏን ሻጮቹ አጭበርብረውት፣ ወንበሯ ተነቅሎ የተሸጠ መኪና ያስታቀፉት ነው። «ታዲያ ሄዶ ወንበሬን አምጡ አይልም?» አልኳት ተቆርቁሬ። «ጋሼ፣ ማንም አልሰረቀውም፤ ፋብሪካው ራሱ ነው ያወጣው» አለችኝ። «የውድድር ሜዳ ላይ እንድትፈጥን፣ እንድትቀል ብለው ወንበሩን አወጡ፣ ምንጣፉን አወጡ፣ ድምፅ የሚያፍነውን ነገር ሁሉ አወጡ፤ ከዚያ ባወጡት ልክ ዋጋ ጨመሩ። የእኔ ጉድ ደግሞ ደስ ብሎት ከፈለ።» እትዬ ሰርካዲስ የምትቆጥረውን መልስ ትታ ቀና አለች። «ይኼማ ፈረሰኛውን ለባለሱቁ ትቶ፣ በሙሉ ዶሮ ሒሳብ ክንፍ ይዞ ቤት መግባት ነው» አለች። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ትርሲት ግን አልሳቀችም።

ባሏን ዓለምሰገድን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሚራክል ማይል ላይ ባለ አንድ የቢሮ ሕንፃ ፓርኪንግ ውስጥ ጠዋት የሰው መኪና ተቀብሎ የሚያቆም፣ ማታ አምጥቶ የሚያስረክብ፣ ሲበዛ ዝምተኛ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቀን ሲያጠፋ ሰፈሩ በድብቅ ደስ ይለዋል፤ በደግ ሰው ላይ የሚወራ ነገር እንደልብ አይገኝማ። እኛም ጥያቄ በጥያቄ ላይ ደረደርንባት። ትርሲት፣ «ብሩ አይደለም ያቃጠለኝ» አለች። ቅድሚያ ክፍያውን የከፈለው ስንት ዓመት ካጠራቀመው፣ ባለመኪኖቹ ጉርሻ ብለው ከሚሰጡት ከገዛ ቲፑ ነው፣ የቀረውንም በየወሩ ይከፍላል። «አራት ወር ደበቀኝ እኮ! ኦቨርታይም ነው ይለኛል። ለካ ሕንፃው ሥር፣ ምድር ቤት ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሸፍኖ አቁሟት፣ ከሥራ ሲወጣ እየሄደ ይቀመጥባታል። ሴት ብትሆን ፀጉሯን እነጭላት ነበር፤ መኪናን ምን አባቴ ላድርጋት?» ከዚያ ነገሯን አሳጠረች። መኪናዋ ዛሬ ካልተሸጠች እሷ ላስ ቬጋስ እህቷ ዘንድ ትሄዳለች። ሻንጣዋን አዘጋጅታ በሩ ሥር አስቀምጣለች። ሄዳ ደግሞ የምትመለስ ዓይነት ሴት እንዳልሆነች የሚያውቃት ሁሉ ያውቃል። እዚያው ቆመን እያለን እኔንና እትዬ ሰርካዲስን ሽማግሌ ብላ ሾመችን፤ ለስምንት ሰዓት ቀጠረችን። እኔን ለሽምግልና የሚያስመርጠኝ ፀጉሬ እንጂ ጥበቤ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን አንድም ቀን እምቢ ብዬ አላውቅም፤ የተጣላ ቤት ምግቡ ጥሩ ነው።

ሽማግሌ በወጉ ሦስት ነው። ሦስተኛው እኛ የጠራነው ጋሽ ሀይለገብርኤል ነበር። የእነ ትርሲት ሰፈር ዌስት አዳምስ ደርሶ፣ ቤታቸው ያለበትን መንገድ አራት ጊዜ ዞሮ፣ መኪናውን የሚያቆምበት ቦታ አጥቶ፣ «ያላችሁትን ብላችሁ አስታርቁ፣ እስማማለሁ» ብሎ ደውሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በዚህ ከተማ ስንት ትዳር በፓርኪንግ ምክንያት ያለ ሽማግሌ እንደፈረሰ እግዜር ይወቀው። እኛ ሁለታችን ገባን። ሁለት ክፍል ያላት፣ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ፣ ንጽሕናዋ የሚያስፈራ ቤት ናት። ቀይ ሻንጣው እውነትም በሩ ሥር ቆሟል፤ እንዳንረሳው ይመስላል የገባነው እሱን ተራምደን ነው። ከማድ ቤት የጎመን በሥጋ ሽታ ይመጣል። እንደ ወጉ «እርቅ ሳናይ አንቀመጥም» አልን፤ የእኔ ጉልበት ግን ወግ ስለማያውቅ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ተቀመጥኩ። ዓለምሰገድ ጥግ ላይ ቆሞ እጁን አጣምሯል፤ ሥራ ቦታው እንጂ ቤቱ ያለ አይመስልም። ትርሲት ክሷን አንድ በአንድ ዘረዘረችው። ኢንሹራንሷ በወር ሦስት መቶ አርባ ዶላር ነው። ጎማዋ ለስላሳ ስለሆነ በዓመት ያልቃል፣ አራቱ ከሁለት ሺህ በላይ ይፈጃል። በአንድ ጋሎን የምትሄደው አሥራ አራት ማይል ነው። ጉዱ ተገልጦ ወደ ቤት ካመጣት በኋላ፣ ሐሙስ ንጋት ላይ ሲያስነሳት መንገዱ ላይ የቆሙት መኪኖች በሙሉ አላርማቸው ጮኸ፣ የሠፈሩ ውሻ ሁሉ አብሮ አለቀሰ፣ የታችኛው ቤት ሴትዮ በሌሊት ልብሷ ወጣች። «ጋሼ፣ እስቲ ይፍረዱ፤ ይቺ መኪና ሰማንያ አንድ ሺህ ታወጣለች?» አለችኝ።

አታወጣም ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ብል ኖሮ ፍርዱ አልቆ፣ ምሳው ቀርቦ፣ ሻንጣው ወደ ቁምሳጥኑ ተመልሶ ነበር። ዓለምሰገድ ግን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። «ሳያዩ አይፈረድም፣ ጋሼ» አለ፣ ድምፁ እምብዛም ሳይሰማ። እውነቱን ነው፤ ዳኛ የሚያከራክረውን መሬት ሄዶ ማየት አለበት። እትዬ ሰርካዲስም ራሷን ነቀነቀች። ሁለታችንም አብረን ብንሄድ ደስ ባለን፣ የኋላ ወንበር ከየት ይምጣ? ስለዚህ ለምርመራው በየተራ እንድንሄድ ተወሰነ፤ እኔ ቀደምኩ።

ከመኖሪያ ሕንፃቸው ጀርባ፣ ከትርሲት አሮጌ ቶዮታ ኋላ ቆማለች። ብርቱካንማ ናት፣ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ሁለት ጥቁር መስመር ወርዶባታል። ጀርባዋ ላይ ከፍ ብሎ የተተከለ ክንፍ መሳይ ነገር አለ። «ሻንጣ እዚህ ላይ ነው የምታስሩት?» አልኩት። ሃያ ስምንት ዓመት ኤርፖርት ሲመላለስ የኖረ ሰው ሌላ ምን ያስባል? ዓለምሰገድ ንፋሱ መኪናዋን ወደ መሬት እንዲጫናት ነው ብሎ አስረዳኝ። ሰማንያ አንድ ሺህ ከፍሎ በንፋስ መጫን፣ አልኩ በሆዴ። መግባቱ ራሱ ሥራ ነበር። ወንበሩ ሰው አያስቀምጥም፣ ሰው ይጨብጣል፤ ወገቤን ግራና ቀኝ ይዞኝ ቁጭ አለ። ወደ ኋላ ዞሬ ሳይ ባዶ ብረት ነው። ስንት ተሳፋሪ፣ ስንት ሕፃን፣ ስንት ሰካራም ይቀመጥበት የነበረ ቦታ! ሞተሩን ሲያስነሳው ግን ሰውነቴ ውስጥ የነበረው ቁርጥማት ሁሉ ነቃ። ዓለምሰገድ ማርሽ ሲያስገባ አየሁት፤ አይቸኩልም፣ አያንገጫግጭም፣ እጁ የሚሄድበትን ያውቃል። ቤቱ ጥግ ላይ ተሰብስቦ የቆመው ሰውዬ ጠፍቶ ሌላ ሰው መሪው ላይ ተቀምጧል።

ወደ አሥር ቁጥር ፍሪዌይ፣ ወደ ፈጣኑ አውራ ጎዳና፣ ሊገባ መግቢያው ላይ ያለው መብራት ቀይ ሆነና ቆምን። ከፊታችን ባዶ አስፋልት አለ፣ ምናልባት የኳስ ሜዳ ሁለት እጥፍ። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ረገጣት። የሆነውን በቅጡ መናገር አልችልም። ጀርባዬ ወንበሩ ውስጥ ገባ፣ ሆዴ መብራቱ ጋ ቀረ፣ እኔ የስድሳ ስምንት ዓመት ሽማግሌ፣ ለፍርድ የወጣሁ ሰው፣ ከአንጀቴ ሳቅሁ። ስቄ ሳልጨርስ ፍሪዌዩ ላይ ደረስንና አምስቱም መስመር ቆሞ አገኘነው። በሰዓት መቶ ሰማንያ ማይል እንድትሮጥ የተሠራች መኪና ላይ ተቀምጠን፣ በሰዓት አሥራ ሁለት ማይል እየተንፏቀቅን፣ የሰውን ጀርባ እያየን ሄድን። ከጎናችን ያለው የአትክልት ሠራተኞች ጭነት መኪና ቀደመን። «ሀብትህ ይኼ ነው?» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ መንገዱ ላይ ዓይኑን ተክሎ፣ «ጋሼ፣ በእጅ የሚቀየር ማርሽ ያላት መኪና ስትመጣ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች መንዳት አይችሉም፤ ሁሉንም እኔ ነኝ ፓርክ የማደርጋቸው» አለ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በዚህ ከተማ ያልነዳሁት ውድ መኪና የለም። ሁሉንም ግን የነዳሁት አርባ ሜትር ነው፣ ከበሩ እስከ ማቆሚያው። ሁለተኛ ማርሽ እንኳን አስገብቼ አላውቅም ነበር።» እኔም ዕድሜ ልኬን ስነዳ፣ ሰዎች ሂድ ወዳሉኝ እንጂ እኔ ወደፈለግሁት የሄድኩበትን ቀን ማስታወስ አቃተኝ፤ እውነቱን ለመናገር ልቤን ነካው፣ ደግሞም አናደደኝ።

ቀጥሎ እትዬ ሰርካዲስ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፊቷን አጨማዳ፣ እንደ ፖሊስ እየተራመደች ሄደች። ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞራ ልትመለስ ነበር የተባለው። የተመለሰችው ከአርባ አምስት ደቂቃ በኋላ ነው። እስከዚያው እኔና ትርሲት ሳሎን ውስጥ ተፋጠጥን። ዓለምሰገድ መጥፎ ሰው እንዳልሆነ፣ ሴትና መጠጥ እንደማያውቅ ነገርኳት፤ እሷ ደግሞ ይህንን ከእኔ በፊት ታውቀዋለች። አንድ ጨርቅ እያጠፈች፣ እየፈታች፣ እንደገና እያጠፈች፣ «ልንገርሽ ብሎ ቢያማክረኝ እኮ እምቢ አልለውም ነበር፣ ይመስለኛል» አለች። እትዬ ሰርካዲስ ስትገባ ፀጉሯ በንፋስ ተበትኗል። የት እንደሄደች ስትጠየቅ «ያው ምርመራ ነው» አለች፤ በኋላ እንደሰማነው ግን መስኮቱን አስከፍታ በገዛ ሱቋ ፊት ለፊት ሁለት ጊዜ አልፋለች፣ አንዴም ለደንበኞቿ እጇን አውለብልባለች። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንደሚባለው ሹመቷን በሚገባ በላችበት።

«እህስ?» አለች ትርሲት። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። መኪናዋ በእርግጥ ውድ ናት፣ አልኩ፣ ነገር ግን ሥራዋን ስታዩት፣ ደግሞ ፍሬኗ... እትዬ ሰርካዲስ ደግሞ የኋላ ወንበር በእውነቱ ዕቃ ማጠራቀሚያ ነው ብላ ጀመረች፤ ጠዋት በዶሮ ክንፍ የተሳለቀችው ራሷ ናት። ትርሲት እኔን አየች፣ እሷን አየች። «ጉቦ በልታችሁ መጣችሁ?» አለች። «ሽማግሌ ብዬ ብጠራችሁ በመኪና ተንሸራሽራችሁ፣ ፀጉራችሁን አስበትናችሁ መጣችሁ?» የምንገባበት ጠፋን። ፈርዳችሁ ብሉ የምትለን ሴት ከሳሽ ሆና ዳኛ አጣች። ሄዳ የሻንጣዋን እጀታ ያዘች። እኔ ልነሳ ስል ጉልበቴ እምቢ አለኝ፤ ዕድሜዬን እንደዚያች ደቂቃ ረግሜው አላውቅም።

ዓለምሰገድ ቀደመኝ። «ሸጫታለሁ» አለ። «ጋሼን አውርጄ እትዬን ስጠብቅ ነው የደወልኩት። እኛ ሕንፃ ላይ የሚሠራ ኖላዊ የሚባል ልጅ አለ፤ ከሸጥካት ንገረኝ ሲለኝ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ይመጣል።» ሲናገር ማንንም አልወቀሰም፤ ድምፁ ውስጥ ኩርፊያ እንኳን አልነበረም። ትርሲት የያዘችውን እጀታ ለቀቀች። ያሸነፈ ሰው ደስ ይለዋል ይባላል፤ እሷ ግን ማድ ቤት ገብታ ድስቱን ያለ ምክንያት አማሰለችው። ምሳ ይቅረብ ያለ ሰው አልነበረም፤ እኔም ለመጠየቅ ፊት አጣሁ።

ኖላዊ በሰዓቱ በኡበር መጣ፤ በመኪናዋ ሊመለስ አስቦ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው፣ እዚሁ ያደገ፣ ጫማው ያላንዳች እድፍ ነጭ የሆነ፣ ሰላምታው መልካም ልጅ ነው። እኔንም «ጋሼ፣ እንዴት ነህ?» አለኝ፤ አንቱታው ውቅያኖስ ላይ ጠፍቷል። ሁላችንም ወደ ጓሮ ወረድን። ትርሲት ደረጃው ላይ ቆማ እጇን አጣምራ ታያለች። ልጁ መኪናዋን ዞረ፣ ጎንበስ አለ፣ ጎማውን በጣቱ ነካ። «ሶ፣ ትራፊክ ውስጥ ክላቹ እግር ይገድላል አይደል?» አለ። ዓለምሰገድ፣ «ይገድላል» አለው። «ጎማዎቹ ቶሎ ያልቃሉ ይባላል፤ ድምፁም ቱ ማች ነው» አለ። «ሁሉም እውነት ነው» አለ ዓለምሰገድ። እንዲህ ያለ ሻጭ አይቼ አላውቅም፣ የገዛ ዕቃውን ይከሳል። «ኦኬ፣ ባክ ሲት የላትም፣ ፕራክቲካል አይደለችም፤ ስድሳ አራት ሺህ እሰጥሃለሁ» አለ ኖላዊ።

«ስንት አልክ?» አለች ትርሲት ከደረጃው። ማንም አልጠራትም ነበር። አንድ ደረጃ ወረደች። «የኋላ ወንበር ምን ያደርግልሃል? ልጅ አለህ? ሚስት አለህ? ማንን ልትጭንበት ነው?» ሌላ ደረጃ ወረደች። ጎማውን ያለሰለሱት መንገዱን እንዲይዝ መሆኑን ነገረችው። ድምፁን ያልወደደ ሰው ብስክሌት ይግዛ አለችው። ቅድም የሰማነው ክስ በሙሉ፣ አንድም ሳይጎድል፣ ተገልብጦ ውዳሴ ሆኖ ወጣ። አራት ቀን ሙሉ ባሏ እየተለማመጠ ሲያስረዳት ላለመስማት ጆሮዋን ደፍና ነበር፤ ለካ ሁሉንም በቃሏ ይዛዋለች። ሰው በራሱ ዕቃ ላይ ሊቀልድ ይችላል፣ ሌላ ሰው ሲያራክሰው ግን ያቃጥላል። ልጁ ስድሳ ዘጠኝ አለ፣ ሰባ አምስት አለ፣ ላቡን ጠረገ፣ በመጨረሻ «ፋይን፣ የገዛችሁበትን፣ ሰማንያ አንድ!» አለ። ትርሲት በገዛ ክርክሯ ተሸነፈች ወይስ አሸነፈች፣ እኔ ዳኛው እንኳን አላወቅሁም። ባሏን አየችው። እሱ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ቼኩን ከመጻፉ በፊት አንድ ዙር ልንዳት አለ ኖላዊ። ዓለምሰገድ ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጠው። ከዚያ በሩን ከፈተለት፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ አንድ እጁን ጀርባው ላይ አድርጎ፣ ልጁ እስኪገባ ጠበቀ፣ ገብቶ ሲጨርስ ቀስ አድርጎ ዘጋለት። ማንም አድርግ አላለውም፤ እጁ ነው ያደረገው። የልጁም እጅ እንዲሁ ኪሱ ገብቶ አምስት ዶላር አወጣና፣ ዓይኑ ዳሽቦርዱ ላይ እንዳለ፣ በመስኮቱ በኩል ዘረጋ። ዓለምሰገድ ተቀበለው። «ቴንክ ዩ፣ ሰር» አለ። በገዛ ጓሮው፣ በገዛ መኪናው አጠገብ፣ ልጁ ለሚሆን ሰው። ሁለቱም ምን እንዳደረጉ የገባቸው ከዚያ በኋላ ነው። ኖላዊ በሐፍረት ፊቱ ቀላ፤ ክፉ ልጅ አይደለም አልኳችሁ። ዓለምሰገድ ብሩን እንደያዘ ወደ መሬት አየ። እትዬ ሰርካዲስ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እኔ ያቺን አምስት ዶላር ስንት ሺህ ጊዜ በመስኮት እንደተቀበልኳት አስታወስኩ።

ትርሲት የቀሩትን ደረጃዎች እንዴት እንደወረደቻቸው አላየሁም፤ ሳያት መኪናዋ አጠገብ ናት። ከባሏ መዳፍ ላይ ብሩን አነሳች። መስኮቱ ውስጥ ለኖላዊ መልሳ ሰጠችው። «ውረድ» አለች። «እትዬ፣ አም ሶ ሶሪ፣ እኔ እኮ...» «ውረድ የኔ ልጅ፣ አልተቀየምኩህም። መኪናዋ አትሸጥም። ባለቤቷ እሱ ነው።» ልጁ ወረደ። ዓለምሰገድ እንደቆመ ነው። እሷ ዞራ በሌላኛው በኩል በሩን ራሷ ከፈተች፤ የቤት ቀሚሷን ሰብስባ፣ ሁለት ጊዜ ሞክራ፣ በሦስተኛው ገባች። «አትቁም፣ ግባ እንጂ!» አለችው። «የዋሸኸኝን ነገር መንገድ ላይ እንጨርሳለን። ረጅም መንገድ ነው የምትነዳኝ።» ገባ። ሞተሩ ሲነሳ የሠፈሩ መኪኖች በሙሉ ጮኹ፣ እሷም መስኮቱን አልዘጋችም።

ጓሮ ውስጥ ሦስታችን ቀረን። እትዬ ሰርካዲስ ደረጃውን ወጥታ በሩን ሞከረችው፤ ተቆልፏል፣ ጎመን በሥጋውም ውስጥ ነው። ኖላዊ አምስት ዶላሩን ጣቱ ላይ እየጠቀለለ፣ እየፈታ ቆየና ኡበሩን ሊጠራ ስልኩን አወጣ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ሲሪየስሊ ግን፣ አንተ የታክሲ ሰው ነህ አሉ፤ ያን ያህል ዋጋ ታወጣለች?»

የመኪናዋ ድምፅ ከአዳምስ መንገድ ማዶ ገና ይሰማል። ዓለምሰገድ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፣ ሦስተኛ አስገባ፣ ከዚያ ራቀ።

«ለአንተ አታወጣም» አልኩት።